የኤሎራው ካይላሳ፦ ስለ ድንጋይ ቅርጾቹና ስለ ምስሎቹ ትርጉም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለትምህርት፣ ለሕክምና ወይም ለንግድ ወደ ሕንድ የሄደ ኢትዮጵያዊ ማሃራሽትራ ግዛት ከደረሰ ኤሎራን ሳያይ እንዲመለስ አልፈልግም። አይተው የመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ይነግሩኛል፦ «ላሊበላን አስታወሰኝ፤ ምስሎቹ ግን እነማን እንደሆኑ አልገባኝም።» ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለእነርሱና ገና ለሚሄዱት ነው። የማተኩረው በአንድ ቤተ መቅደስ፣ «ዋሻ ቁጥር 16» እየተባለ በሚጠራው በካይላሳ ላይ ነው። አንዱን በደንብ ማንበብ የቻለ ሰው ሌሎቹን የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ሲያይ ብዙ አይቸገርም። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኤሎራ የት ነው? ካይላሳስ ምንድን ነው?

ኤሎራ ከአውራንጋባድ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከተማዋ በ2023 ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብላለች፤ የቀድሞው ስሟ ግን ዛሬም ከሰው አፍ አልጠፋም። በአንድ ገደል ፊት ላይ፣ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ቦታ፣ ቁጥር የተሰጣቸው 34 ፍልፍል ሥራዎች ተደርድረዋል። 12ቱ የቡድሂስቶች፣ 17ቱ የሂንዱዎች፣ 5ቱ ጃይኒዝም የተባለው የሕንድ ጥንታዊ ሃይማኖት ተከታዮች የሆኑት የጃይኖች ናቸው። ዩኔስኮ በ1983 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ካይላሳ ከሂንዱዎቹ አንዱ ሲሆን የተሠራው ሺቫ ለተባለው አምላክ ነው። ስሙን ያገኘው ሺቫ ከባለቤቱ ከፓርቫቲ ጋር ይኖርበታል ተብሎ ከሚታመንበት የሂማላያ ተራራ ነው። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ከታች ራቫና የተባለው ንጉሥ ታሪክ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

እውነት ከላይ ወደ ታች ነው የተሠራው?

እውነት ነው። «ዋሻ» መባሉ ራሱ ያሳስታል። ዋሻ ከጎን ተቆፍሮ ተራራው ጣራ ሆኖለት የሚቀር ነው። ካይላሳ ግን ሰማይ በላዩ የተከፈተ፣ በአራቱም ማዕዘን ዞረው የሚያዩት ሙሉ ሕንፃ ነው፤ ልዩነቱ አንድም ድንጋይ በሌላ ድንጋይ ላይ አለመነባበሩ ነው።

ጠራቢዎቹ ሥራውን የጀመሩት ከኮረብታው ላይ ወጥተው ነው። በሦስት ወገን ጥልቅ ቦይ ቆፈሩ፤ መሐል ላይ ከተራራው የተነጠለ ግዙፍ አለት ቀረ። ያንን አለት ከአናቱ ይዘው ወደ ታች እየጠረቡ ወረዱ። ጉልላቱ መጀመሪያ፣ መሠረቱ መጨረሻ ማለት ነው። ከፍ ያለ የእንጨት መወጣጫ ማቆም ብዙም አላስፈለጋቸውም፤ ያልተጠረበው ድንጋይ ራሱ መቆሚያቸው ነበር። ጉድጓዱ ከ80 ሜትር በላይ ርዝመትና 46 ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ የቤተ መቅደሱ ማማ ወደ 30 ሜትር ይደርሳል። ተጠርቦ የወጣው ድንጋይ 200,000 ቶን አካባቢ እንደሚሆን ይገመታል።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ የድንጋዩ ብዛት ሳይሆን ሐሳቡ ነው። በግንብ ሥራ የተሰበረ ድንጋይ ይወጣና ሌላ ይገባል። እዚህ ግን በስህተት የተቆረጠ ነገር አይመለስም። ተራራው አናት ላይ ቆሞ የመጀመሪያውን መዶሻ የመታው ሰው፣ 30 ሜትር ታች የሚቆመው ዝሆን የት ቦታ እንደሚውል፣ ድልድዩ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ለዓምዱ ምን ያህል ድንጋይ ሳይነካ መቅረት እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ግድግዳዎቹን ቀረብ ብለው ቢያዩ የመሮው ጭረት ዛሬም ይታያል። እኔ ከታላላቆቹ ምስሎች እኩል የምወደው ያንን ጭረት ነው፤ የሰው ክንድ እስከ ምን ድረስ እንደተወነጨፈ ይለካበታል።

ማን አሠራው? መቼ?

የራሽትራኩታ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ ቀዳማዊ ክሪሽና፣ ከ756 እስከ 773 ገደማ በነገሠበት ዘመን። ከእርሱ በፊት የነበረው ዳንቲዱርጋ እንደጀመረው የሚያስቡ አሉ፤ የዳንቲዱርጋ ጽሑፍ በአጠገቡ ባለው በዋሻ 15 ይገኛል። ሥራው በአንድ ንጉሥ ዘመን ማለቅ አለማለቁም ምሁራንን ያከራክራል። ኸርማን ጎትዝ የተባሉት የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ በብዙ ነገሥታት ዘመን እየተጨመረ የተሠራ ነው ሲሉ፣ ሕንዳዊው አርኪዮሎጂስት ዳቫሊካር ግን ዋናው ክፍል በክሪሽና ዘመን ተጠናቋል ይላሉ። ዳቫሊካር አንድ ሠራተኛ በቀን ሊፈልጥ የሚችለውን ድንጋይ አስልተው፣ 250 ሰዎች በ5 ዓመት ተኩል ቁፋሮውን ሊጨርሱት እንደሚችሉ ገምተዋል።

በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ አንድ የመዳብ ሰሌዳ ክሪሽና በኤላፑራ፣ ማለትም በኤሎራ፣ ስላሠራው ቤተ መቅደስ ያወሳል። በሰማይ ሠረገላ የሚያልፉ አማልክት አይተውት «ይህ የሰው እጅ ሥራ አይደለም» ብለው እንደተደነቁ ይተርካል። ከዚያ በሚቀጥለው ነገር ግን ልቤ ይነካል፦ የሠራው ባለሙያ ራሱ ዘወር ብሎ ሲያየው፣ እንዴት አድርጌ ሠራሁት ብሎ ተገረመ ይላል። ስሙን ሰሌዳው አይጠቅስም።

በማራቲኛ፣ በማሃራሽትራ ቋንቋ፣ የሚነገር አፈ ታሪክም አለ። ንጉሡ ታሞ ነበር፤ ንግሥቲቱ ባሏ ከዳነ ለሺቫ ቤተ መቅደስ ልታሠራና ጉልላቱን እስክታይ ድረስ እህል ላትቀምስ ተሳለች። ንጉሡ ዳነ። ግንበኞቹ ሁሉ ወራት ይፈጃል ሲሉ ኮካሳ የተባለው ጠቢብ ብቻ በሳምንት ውስጥ ጉልላቱን አሳያታለሁ አለ፤ ከላይ ጀምሮ ጠረበዋ! አፈ ታሪክ ነው፤ ግን የአሠራሩን ምስጢር አሳምሮ ይዟል።

በኢንተርኔት «ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን ሠሩት» የሚል ቪዲዮ አይቻለሁ። ምን ይላሉ?

ያሳዝነኛል። የመሮው ጭረት ግድግዳው ላይ አለ፤ በዚያው ገደል ጀምረው የተዋቸው፣ እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ የሚያሳዩ ክፍሎች አሉ። ለምሳሌ ዋሻ 30፣ «ትንሹ ካይላሳ» የሚባለው የጃይኖች ሥራ፣ ሳያልቅ የቀረ ነው። የንድፉም አባት ይታወቃል፦ በደቡብ በኩል በፓታዳካል የሚገኘውና በ740 ገደማ የተሠራው የቪሩፓክሻ ቤተ መቅደስ ከካይላሳ ጋር በአሠራሩ በጣም ይመሳሰላል። ራሽትራኩታዎች ድል ያደረጓቸው የፓታዳካል ጌቶች የነበሩትን ቻሉክያዎችን ነው፤ ባለሙያዎችም ከዚያ እንደመጡ ይታሰባል። ስለ ላሊበላ «አፍሪካውያን ብቻቸውን አልሠሩትም» የሚለውን ወሬ ሰምቶ የተቆጣ ሰው ይህ ነገር ለምን እንደሚያንገበግበኝ ይገባዋል።

አንድ ምስል የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቁበት መንገድ ይበቃዎታል። በነጭ ፈረስ ተቀምጦ ዘንዶ የሚወጋውን ሲያዩ ማንም ሳይነግርዎ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው ይላሉ። በአንበሶችና በነብሮች መካከል የቆመውን ጸጉራም ጻድቅ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ስድስት ክንፍ ይዞ በአንድ እግሩ የቆመውን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ብለው ይለያሉ። ፊታቸውን አይተው አይደለም፤ ከእነርሱ ጋር ያለውን ነገር አይተው ነው። በካይላሳም ፊት አይለይም፤ የአማልክቱ ፊት ሁሉ ወጣት፣ ሙሉና የረጋ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ በእጁ ምን ያዘ? በራሱ ላይ ምን አለ? በእግሩ ሥር ወይም በአጠገቡ የትኛው እንስሳ አለ?

ሺቫ ጸጉሩ ተጎንጉኖ እንደ ዘውድ ተቆልሏል፤ በጸጉሩ ላይ ግማሽ ጨረቃ ይታያል፤ ባለ ሦስት ጫፍ ጦርና እባብ የእርሱ ናቸው፤ በግንባሩ ላይ ሦስተኛ ዓይን ሊኖረው ይችላል። እንስሳው ናንዲ የተባለው ኮርማ ነው። ሌላው ታላቅ አምላክ ቪሽኑ በተቃራኒው ረጅም የንጉሥ ዘውድ ደፍቶ በአራት እጆቹ ትልቅ የባሕር ዛጎል፣ ስለታም ክብ መሣሪያ፣ ከባድ ዱላና የሎተስ አበባ ይይዛል፤ የሚጋልበው ጋሩዳን፣ ሰው መሰሉን ንስር ነው። ጸጉር ወይስ ዘውድ? ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ ግማሹን ግድግዳ ይፈታልዎታል።

ፈጣሪ የሚባለው አምላክ ብራህማ አራት ራስ አለው፤ ከግድግዳ ወጥቶ በተቀረጸ ምስል ግን የሚታዩት ሦስቱ ናቸው፤ አራተኛው ወደ ድንጋዩ ዞሯል። ጋኔሻን በዝሆን ራሱ ማንም አይስተውም፤ አንዱ ጥርሱ የተሰበረ መሆኑን፣ እንስሳውም አይጥ መሆኗን ልብ ይበሉ። የጦርነት አምላክ ካርቲኬያ ጣዎስ ይጋልባል። ተዋጊዋ አምላክ ዱርጋ አንበሳ።

አንድ ምክር ልጨምር። እጆችና አፍንጫዎች ቀድመው ይሰበራሉ፤ እግር ሥር ያለው እንስሳ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ግራ ሲገባዎት ወደ ታች ይመልከቱ።

ለምንድን ነው ብዙ እጅ ያላቸው?

ድንጋይ ንግግርም እንቅስቃሴም የለውም፤ ቀራጩ አምላኩ የሚችለውን ሁሉ በአንድ ቅጽበት ማሳየት አለበት። እያንዳንዱ እጅ አንድ ሥልጣን ወይም አንድ ተግባር ይዟል። ዱርጋ ጥሩ ምሳሌ ናት። በጎሽ መልክ የሚመጣውን ማሂሻ የተባለ ክፉ ፍጡር አማልክቱ ሊያሸንፉት ስላልቻሉ እያንዳንዳቸው መሣሪያቸውን ለእርሷ ሰጡ። በብዙ እጆቿ የያዘቻቸው ጦርነቱን ያዋጡት አማልክት ስም ዝርዝር ናቸው ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል እንደ ራማ፣ የራማያና ታሪክ ጀግና፣ ያሉት፣ በሰውነት ተወልደው የኖሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት እጅ ይቀረጻሉ።

የእጅ ምልክቶቹስ?

ሁለቱን ብቻ ይያዙ። መዳፉ ወደ እርስዎ ዞሮ ወደ ላይ የተነሣ ቀኝ እጅ «አትፍራ» ማለት ነው። መዳፉ ተከፍቶ ጣቶቹ ወደ ታች ከሆኑ «እሰጥሃለሁ» ማለት ነው።

ቀራጮቹ የፈለጉትን ይቀርጹ ነበር?

መልክና መጠን በሥርዓት የተወሰነ ነበር። ሺልፓ ሻስትራ የተባሉት የሙያ ድርሳናት ለምስል አካል መለኪያ የሚያደርጉት ታላ የተባለውን ልክ ነው፤ ይህም ከጸጉር መነሻ እስከ አገጭ ያለው የፊት ርዝመት ሲሆን በ12 ጣት ይከፈላል። ለአማልክት የተለመደው ቁመት ዘጠኝ ፊት ነው። ድንክዬዎቹ ፍጥረታት ግን በጣም ያነሰ ልክ ይሰጣቸዋል። ነፃነቱ ያለው በአቋም፣ በጥልቀትና በብርሃን አያያዝ ላይ ነው፤ ታላላቆቹ ቀራጮች የሚለዩትም እዚያ ላይ ነው።

ከበሩ እንደገባሁ የምትታየኝ በዝሆኖች የተከበበች ሴት ማን ናት?

ላክሽሚ ናት፤ የሀብት፣ የበረከትና የመልካም ዕድል አምላክ። በሎተስ በተሸፈነ ኩሬ መካከል ተቀምጣለች፤ ዝሆኖች ከላይ ውኃ ያፈስሱባታል። ዝሆን የዝናብ ደመና ምሳሌ ነው። ዝናብ የሚጠብቅ የገበሬ አገር ለምን ይህችን በመግቢያው እንዳስቀመጠ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ከዚያ በግቢው በስተሰሜን የሦስቱን ወንዞች ማደሪያ ይፈልጉ። ጋንጋ፣ ያሙናና ሳራስዋቲ በሴት መልክ ቆመዋል። ጋንጋን ማካራ በተባለው አዞ መሰል ፍጥረት፣ ያሙናን በኤሊ ያውቋቸዋል። እነዚህ ወንዞች የሰሜን ናቸው፤ ከዚህ እጅግ ይርቃሉ። ኤሎራ ያለበት የደካን አምባ ንጉሥ ቅዱሳኑን ወንዞች ወደ ግቢው ማምጣቱ የሃይማኖትም የሥልጣንም ቃል ነው።

ተራራ የሚያነቃንቀው ባለ ብዙ ራስ ሰው ማን ነው?

ጊዜዎ አጭር ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትተው በዋናው ሕንፃ ደቡባዊ ጎን ያለውን ይህንን ምስል ይዩ።

ራቫና የላንካ ንጉሥ ነው፤ አሥር ራስና ሃያ እጅ አለው። በሚበር ሠረገላው ሲጓዝ የካይላሳ ተራራ ጋ ሲደርስ ሠረገላው ቆመበት። በላይ ሺቫና ፓርቫቲ አሉና ማለፍ አይቻልም ተባለ። ራቫና ተቆጣ፤ ተራራውን ከነሥሩ ነቅሎ ሊወረውር እጆቹን ከታች አስገባ። ተራራው ተናወጠ፤ ፓርቫቲ ደንግጣ ባሏን ያዘች። ሺቫ ከመቀመጫው አልተነሣም። በእግሩ ጣት ብቻ መሬቱን ተጫነ፤ ራቫናም ከተራራው ሥር ታሰረ። ለብዙ ዘመን ሺቫን እያመሰገነ ከዘመረ በኋላ ተለቀቀ ይላል ታሪኩ።

አሁን ድንጋዩን ይመልከቱ። ራቫና ያለው ከታች፣ በጥልቀት በተቦረቦረ ጨለማ ውስጥ ነው፤ ቀራጩ ከኋላው ያለውን አለት እጅግ ስለቆፈረ ከድንጋዩ ሊላቀቅ የደረሰ ይመስላል። ክንዶቹ እንደ መንኮራኩር ተዘርግተዋል። ከላይ ብርሃኑ የሚያርፈው በሺቫ ላይ ነው። ፓርቫቲ ወደ እርሱ ተደግፋ ክንዱን ይዛለች፤ ከኋላዋ አንዲት አገልጋይ ጀርባዋን ሰጥታ ትሮጣለች። የሚሮጠው፣ የሚደነግጠው፣ የሚታገለው ሁሉ በሺቫ ዙሪያ ነው፤ እርሱ ብቻ ረግቷል። እኔ ከዚህ የተሻለ የፀጥታ ሥዕል አላውቅም።

አሁን ያ ስም ያስፈልገናል። ራቫና የሚያነቃንቀው ካይላሳን ነው፤ ሕንፃውም ካይላሳ ነው። ቀራጩ ራቫናን ያኖረው ከቤተ መቅደሱ ሥር ነው፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ተራራ ምስል ብቻ መሆኑ ይቀርና ጎብኚው የሚወጣበት፣ አማኙ የሚሰግድበት ሕንፃ በሙሉ የታሪኩ ክፍል ይሆናል። ከላይ ፎቅ ላይ ሲቆሙ ከእግርዎ በታች ራቫና አለ። ይህን ሳላውቅ ያለፍኩበትን የመጀመሪያ ጉብኝቴን ሳስብ ይቆጨኛል።

በረድፍ በረድፍ የተቀረጹት ትናንሽ ምስሎችስ?

ሁለቱን ታላላቅ የሕንድ ጥንታዊ የጀግንነት ታሪኮች ያሳያሉ፦ በደቡብ በኩል ራማያና፣ በሰሜን በኩል ማሃባራታና የክሪሽና (የንጉሡ ሳይሆን የአምላኩ) የልጅነት ታሪክ ናቸው። እንደ ገጽ መስመር በላይ በላይ የተደረደሩ ናቸው፤ በራማያናው ላይ ጦጣዎች ወደ ላንካ የሚያሻግር ድልድይ ለመሥራት ድንጋይ ተሸክመው ሲሄዱ ይፈልጉ። ከሩቅ ስለማይለዩ ብዙ ሰው ሳያያቸው ያልፋል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የንግሥተ ሳባ ጉዞ ወይም የተአምረ ማርያም ታሪክ በተከፋፈለ ሥዕል እንደሚነገረው ነው።

ሕንፃውን የተሸከሙት ዝሆኖች ትርጉማቸው ምንድን ነው?

የታችኛው ፎቅ ክፍል የለውም፤ ጥቅጥቅ ያለ አለት ነው። በዙሪያው ግን ዝሆኖችና አንበሶች ከነሙሉ አካላቸው ወጥተው ቤተ መቅደሱን በጀርባቸው የያዙ ይመስላሉ። አንዳንዶቹ ቅጠል ይበላሉ፣ አንዳንዶቹ ከአውሬ ጋር ይታገላሉ። ሥራው ሁለት ነገር ይሠራል፦ የነገሥታትን ኃይል ያሳያል፤ ያን ሁሉ ክብደት ደግሞ ያቀልላል። በግቢው ውስጥ ለብቻቸው የቆሙት ሁለት ዝሆኖች ኩምቢያቸው ተሰብሯል፤ ቢሆንም ቁመናቸው አልጠፋም።

በዋናው ክፍል ውስጥ የሺቫን ሐውልት ጠብቄ ክብ ድንጋይ ብቻ አየሁ። ለምን?

ያዩት ሊንጋ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት ምልክት ማለት ነው፤ መልክ የሌለውን ሺቫ በምልክት ያሳያል። ክፍሉ ጋርባግሪሃ፣ የማሕፀን ቤት፣ ይባላል። ልብ ብለው ከሆነ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲሄዱ ምስሉ እየቀነሰ ይመጣል። ውጪ ጦርነትና ሩጫ፣ ከዚያ 16 ዓምድ ያለው አዳራሽ፣ በመጨረሻ ጨለማ ክፍልና አንድ ድንጋይ። ናንዲ ከፊት ለፊት ባለው የራሱ ቤት ሆኖ ወደዚያ ያያል።

ተቃቅፈው የተቀረጹ ጥንዶች በቤተ መቅደስ ላይ ምን ይሠራሉ?

የመልካም ዕድል፣ የመራባትና የሙላት ምልክት ተደርገው ይታዩ ስለነበር በበርና በግድግዳ ላይ ይደረጋሉ። በዚህ የታወቁት የካጁራሆና የኮናራክ ቤተ መቅደሶች ናቸው፤ ካይላሳ ውስጥ ብዙ ቦታ አልያዙም።

ድንጋዩ ሁልጊዜ እንዲህ ጥቁር ነበር?

አልነበረም። በልስን ተሸፍኖ፣ ነጭ ተቀብቶና ቀለም ተነክቶ ነበር፤ «ራንግ ማሃል»፣ ባለ ቀለሙ ቤተ መንግሥት፣ የሚል ስምም ነበረው። በመግቢያው በረንዳ ጣራ ላይ የሥዕል ቅሪት ይታያል። ከጥቁር ገደል መካከል የወጣ ነጭ ሕንፃ በዓይነ ኅሊናዎ ይሳሉ፤ በበረዶ የተሸፈነው የሂማላያ ካይላሳ ማለት ያኔ ነው።

ምስሎቹን ማን ሰባበራቸው?

ብዙ አስጎብኚዎች ሕንድን የገዛው የሙስሊም ሥርወ መንግሥት፣ የሞጉሉ፣ ንጉሠ ነገሥት የሆነውን አውራንግዜብን ይጠራሉ፤ እርሱ በ1707 ሞቶ በቅርብ ባለችው በኩልዳባድ ተቀብሯል። እኔ ስብራቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን ተገቢ አይመስለኝም። 1,200 ዓመት ረጅም ነው፤ በድንጋዩ ስንጥቅ የሚገባው የክረምት ውኃ አለ፣ በራሱ ክብደት የወደቀ አለ። ዋናውን ሕንፃ ከጎን አዳራሾች ጋር ያገናኙ የነበሩት የድንጋይ ድልድዮችም ዛሬ የሉም።

ይህ ጣዖት አይደለም? ክርስቲያን ወይም ሙስሊም ቢጎበኝ ችግር አለው?

ለእምነትዎ የሚገባውን እርስዎና የሃይማኖት አባትዎ ታውቃላችሁ። እኔ የምናገረው ሂንዱዎቹ ራሳቸው የሚሉትን ነው። ለእነርሱ ቅርጹ በሥርዓት እስኪቀደስ ድረስ ድንጋይ ነው፤ ከተቀደሰ በኋላ አምላኩ ለማየትና ለመታየት የሚቀመጥበት ቦታ ይሆናል። ወደ ቤተ መቅደስ መሄድን «ዳርሻን» ይሉታል፤ ማየት ማለት ነው። ካይላሳ ዛሬ የሚተዳደረው በመንግሥት የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚመጣው ለጉብኝት ነው። ቋሚ አምልኮ ያለው እዚያው አቅራቢያ በሚገኘው በግሪሽኔሽዋር ቤተ መቅደስ ነው። በሁለቱም ቦታ ግን ለሌላው ሰው ቅዱስ መሆኑን ያስቡ፤ በቅርጽ ላይ አይደገፉ፣ አይቀመጡ።

ከላሊበላ ጋር ግንኙነት አለው?

የአሠራር ዘመድነት አለ፤ አንዱ ከሌላው ተማረ የሚያሰኝ ማስረጃ ግን አልተገኘም። ካይላሳ የ8ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ብዙውን ጊዜ የሚነገርላቸው ከ12ኛውና ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጋር ተያይዘው ነው። ሁለቱንም ያገናኘው ከምድር በታች ነው፦ የደካን አምባ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተነጠፉ ናቸው። ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቆሞ ያየ ሰው ካይላሳን ሲያይ የሚሰማው ነገር ከዚያ ይመጣል።

ልዩነታቸው ይበልጥ ያስተምራል። ቤተ ጊዮርጊስ ውበቱ በንጹሕ መስመርና በመስቀሉ ቅርጽ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሰው ምስል አልተቀረጸም። በላሊበላ ትልልቅ የቅዱሳን ቅርጾች የሚገኙት በቤተ ጎልጎታ ውስጥ ነው። ካይላሳ ግን ባዶ ቦታ አይወድም።

በባሕር የሚደረገው ንግድ ግን ከሁለቱም ይቀድማል። በደብረ ዳሞ ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ከ100 በላይ ተገኝተዋል፤ ከሕንድ ወገን የመጡ ናቸው።

በአካባቢው የኢትዮጵያዊ መቃብር አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ እዚያ ድረስ ሄዶ ሳያየው የሚመለስ የአገሬ ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ። ማሊክ አምባር በ1548 ገደማ በዛሬዋ ኢትዮጵያ ምድር ተወለደ፤ በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ በአረብ አገር በኩል ደካን ደረሰ። እዚያ ወታደር፣ ከዚያ የጦር አዛዥ፣ በመጨረሻ የአሕመድናጋር ሱልጣኔት እንደራሴ ሆነ፤ የሞጉሎችን ጦር ለዓመታት አላሳልፍም አለ። በ1610 ካድኪ የተባለችውን ከተማ መሠረተ፤ ወደ ኤሎራ ሲሄዱ የሚያድሩባት አውራንጋባድ ይህችው ናት። ለከተማዋ ከመሬት በታች የሚሄድ የውኃ መስመርም አሠራ። በ1626 ሲሞት የተቀበረው በኩልዳባድ ነው፤ ከካይላሳ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢርቅ ነው።

መቼ ልሂድ? ከየት ልጀምር?

ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ደስ ይላል። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፤ ገደሉ አረንጓዴ ይለብሳል፣ ፏፏቴ ይወርዳል፣ ድንጋዩ ግን ያዳልጣል። ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ሄደው በሩ ላይ የተመለሱ አውቃለሁ። ቤተ መቅደሱ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ የፊት ለፊቱ ብርሃን የሚያምረው ከሰዓት በኋላ ነው።

እንደደረሱ ቶሎ ወደ በሩ አይግቡ። በጎን ባለው መንገድ ወደ ኮረብታው ይውጡና ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ፤ በአዳራሹ ጣራ ላይ ትልቅ ሎተስና በላዩ የቆሙ አራት አንበሶች ያያሉ። ጠራቢዎቹ በመጀመሪያ ከደረሱባቸው ነገሮች መካከል እነዚያ ናቸው። ከዚያ ወርደው በበሩ ይግቡ፣ ላክሽሚን አልፈው ሕንፃውን በቀኝ እጅዎ በኩል እያደረጉ ይዙሩት፤ አማኞቹም የሚዞሩት እንዲሁ ነው። ባትሪ ይያዙ፤ የጎን አዳራሾቹ ጨለማ ናቸው። ለካይላሳ ብቻ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይስጡት።